ይሄ ፋይል የማነው?

ለብቻ የሚያዝ ኮምፒውተር ዘመን አመጣሽ ነው። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን የምንጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋው የማይቀመስ ማሽን ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ በ1961 ያሳየው ሲቲኤስኤስ የተባለ ሲስተም ብዙ ሰው አንዱን ማሽን በአንድ ጊዜ እንዲጠቀምበት አደረገ። ደባልነት ተጀመረ፤ ከደባልነት ጋር ደግሞ «ይሄ የማነው?» መጣ።

የመጀመሪያው መልስ ፓስዎርድ ነበር። አልበቃም። በ1962 አለን ሼር የተባለ ተማሪ የተፈቀደለት የማሽን ሰዓት ቢያንሰው የሁሉንም ሰው ፓስዎርድ የያዘው ፋይል እንዲታተምለት አዘዘ፤ ታተመለት!

በኋላ የባሰ መጣ። የሲስተሙ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ጊዜያዊ ፋይሉን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ስም ነበር የሚያስቀምጠው። ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ሰዓት፣ አንዱ የዕለቱን መልዕክት፣ ሌላው የፓስዎርዶቹን ፋይል ሲያርሙ ፋይሎቹ ተምታቱ። ከዚያ በኋላ ወደ ሲስተሙ የገባ ሁሉ በመልዕክቱ ፈንታ የሰዉን ፓስዎርድ አነበበ። ሌባ አልነበረም። ጥፋቱ አንድ ፎልደር አንድ ተጠቃሚ ብቻ ይኖረዋል ብሎ መገመቱ ነበር።

በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ጀመሩ። በዩኒክስ እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት አለው። የ1971ዱ መመሪያ የሚለየው ባለቤቱንና ሌላውን ሰው ብቻ ነበር፤ ቡድን በኋላ ተጨመረ። ለሦስቱም ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ይደመራል። 640 ከሆነ ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ቡድኑ ያነባል፣ ሌላው ምንም።

ታዲያ ተራ ተጠቃሚ የፓስዎርዱ ፋይል የዋናው አስተዳዳሪ፣ የ«ሩት» ሆኖ ሳለ የራሱን ፓስዎርድ እንዴት ይቀይራል? ሪቺ መላ ዘየደ፤ ምልክት የተደረገበት ፕሮግራም በአስኬጁ ሳይሆን በባለቤቱ ሥልጣን ይሠራል። ፓተንቱን በ1979 አገኘ። መላው አደጋም አለው፤ የሩት የሆነ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ስህተት ካለበት የሩትን ሥልጣን ለማንም አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

ይሄ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክ ለተጫኑት አፖች ለየብቻ የተጠቃሚ ቁጥር ይሰጣል። ስልኩ የአንድ ሰው ቢሆንም አፖቹ ደባሎች ናቸዋ!

እንግዲህ አንድ ፋይል አልከፈት ሲል «777 አድርገውና ተገላገል» የሚል መካሪ አይጠፋም። 777 ማለት ግን ማንም ያንብበው፣ ማንም ይጻፍበት፣ ማንም ያስኪደው ማለት ነው። በጋራ ቤት ቁልፍ የሚያስፈልገው ደባል ሁሉ ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ ሳይሳቀቁ አብሮ ለመኖር ነው።