የዋጥነው መድኃኒት የት ይሄዳል?

በ2022 አንድ ጥናት ታተመ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚመሩ ተመራማሪዎች በ104 አገሮች ከሚገኙ 258 ወንዞች ውሃ አስቀድተው 61 ዓይነት የመድኃኒት ንጥረ ነገሮችን ለኩ። በአማካይ ድምር መጠን አንደኛ የወጣችው የፓኪስታኗ ላሆር ናት። ሁለተኛ የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ። ሦስተኛ አዲስ አበባ፤ በአንድ ሊትር የወንዝ ውሃ 51 ማይክሮግራም ገደማ።

ይህ ቁጥር አስደንግጦን ብቻ እንዳያልፍ ከጀርባው ያለውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከገዛ ሰውነታችን ነው። የምንውጠው ኪኒን ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አልቆ አይቀርም፤ ከፊሉ እንዳለ ወይም ጥቂት ተለውጦ በሽንት ይወጣል። ሳሙናው፣ ሻምፑው፣ የተቀባነው ቅባትም ከገላችን ታጥቦ ይወርዳል። የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ለዚህ ሁሉ ያዘጋጁት መልስ የፍሳሽ ማጣሪያ ነበር። ማጣሪያው ግን የኮሌራና የታይፎይድ ዘመን ልጅ ነው። ዛሬም በስፋት የሚሠራበት፣ ቆሻሻውን ባክቴሪያ እንዲበላው የሚያደርገው ዘዴ ይፋ የሆነው በ1914 ማንችስተር ላይ ነው። ያኔ ፔኒሲሊን አልተገኘም፤ የወሊድ መከላከያ እንክብልም አልነበረም። መሐንዲሶቹ የተዋጉት ሰገራንና ጀርምን እንጂ ገና ያልተፈጠረውን መድኃኒት አልነበረም።

ክፍተቱን ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች አንዱ በ1977 ከአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ ወጣ። ሁለት ተመራማሪዎች ማጣሪያውን አልፎ በወጣው ውሃ ውስጥ የኮሌስትሮል መድኃኒት ቅሪትና አስፕሪን ሲፈርስ የሚፈጠረውን አሲድ አገኙ። ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ የአረም ማጥፊያ ኬሚካል የሚፈልጉ ኬሚስቶች ያው የኮሌስትሮል መድኃኒት ቅሪት ከከርሰ ምድር ውሃ፣ አልፎም ከቧንቧ ውሃ ላይ ተገኘላቸው። በርሊን የምትጠጣውን ውሃ የምትቀዳው ከራሷ ወንዞችና ሐይቆች ዳር ከቆፈረቻቸው ጉድጓዶች ነው። የደፋችው ዞሮ ወደ ብርጭቆዋ ተመለሰ።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ምስክሩ ዓሣ ነበር። ከፍሳሽ ማጣሪያ በታች ባሉ ወንዞች የወንድም የሴትም አካል ያላቸው ዓሦች ይያዙ ጀመር። ተመራማሪዎች ወንድ ዓሦችን በወንፊት ሳጥን አድርገው ማጣሪያው በሚለቀው ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጧቸው፣ በጤናው ሴት ብቻ የምታመርተውን የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን ማምረት ጀመሩ። በ1998 ምክንያቱ ተለየ፤ ከሴቶች ሽንት የሚወጣ ሆርሞንና የወሊድ መከላከያ እንክብል ሆርሞን። ካናዳውያን ጉዳዩን በግልጽ ለመፈተን ከ2001 ጀምሮ ሦስት በጋ ሙሉ አንድ የምርምር ሐይቅ ውስጥ ይህንኑ የእንክብል ሆርሞን ጨመሩ። መጠኑ በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ነበር፤ ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። የሐይቁ ትንንሽ ዓሦች ሊጠፉ ደረሱ።

እዚህ ላይ መጋነን አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ባወጣው ሪፖርት በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት የመድኃኒት ቅሪት ሰውን ይጎዳል ተብሎ እንደማይገመት ገልጿል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ማንንም አይመርዝም። ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ አደጋው በሌላ በር ነው የሚመጣው። በ2007 የታተመ ጥናት በሕንድ ሃይደራባድ አቅራቢያ፣ ፓታንቸሩ በተባለ ቦታ፣ 90 ያህል የመድኃኒት አምራቾች ፍሳሻቸውን የሚልኩበትን ማጣሪያ መረመረ። ከማጣሪያው በሚወጣው ውሃ ውስጥ ሲፕሮ የምንለው አንቲባዮቲክ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ተገኘ። ይህ መድኃኒቱን በሚወስድ በሽተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል። እንዲህ ያለ ውሃ ጀርሞች መድኃኒትን የሚለማመዱበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሠለጠነ ጀርም ደግሞ ድንበር አይጠይቅም።

ሀብታሞቹ አገሮች መልስ መስጠት ጀምረዋል። ስዊዘርላንድ በ2016 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ 100 ያህል ማጣሪያዎቿን በኦዞን ወይም በልዩ የከሰል ዱቄት እያሳደገች ነው፤ ለዚህም በነፍስ ወከፍ በዓመት እስከ 9 ፍራንክ ይሰበሰባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው መመሪያ የመድኃኒትና የኮስሞቲክስ አምራቾች የተጨማሪውን ማጣሪያ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲሸፍኑ ያዛል። መርሁ ቀላል ነው፤ ያተረፈበት ይክፈል።

እኛስ? እኛ ሁለት ታሪክ በአንድ ጊዜ ተሸክመናል። አውሮፓ ኮሌራን በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የመድኃኒት ቅሪትን በ21ኛው ገጠመች። አዲስ አበባ ሁለቱንም ዛሬ ትጋፈጣለች። የቃሊቲ ማጣሪያ አለ፤ አብዛኛው ቤት ግን የጉድጓድ ሽንት ቤት ተጠቃሚ ነው፤ ጥቂት የማይባለውም በቀጥታ ወንዝ ላይ ይለቃል። የቧንቧ ውሃችን ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳና ከጥልቅ ጉድጓዶች እንጂ ከአቃቂ ወንዝ ስለማይቀዳ ብዙዎቻችን ነገሩ አይመለከተንም ብለን እንተኛለን። በአቃቂ ውሃ የሚለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ግን ገበታችን ላይ ነው። ወንዙ አባ ሳሙኤል ገብቶ ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዳማ የምትጠጣው ከአዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የደፋነው እየሳሳ ይሄድ ይሆናል እንጂ ባሕር ገብቶ አይጠፋም።

ስለዚህ የስዊዘርላንድን ኦዞን ከመመኘት በፊት በእጃችን ያለውን እናስቀድም። የሆስፒታልና የመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ ወንዝ ከመግባቱ በፊት በምንጩ ይታከም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መሸጥ በእውነት ይቁም፤ ያልተዋጠ ኪኒን በሽንት ወንዝ አይገባም። ፋርማሲዎች ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ከሕዝቡ ይረከቡ። የወንዝ ዳርቻ ማስዋቡም ደግ ነው፤ ነገር ግን ዳርቻው አበባ ለብሶ ውሃው እንደነበረው ከፈሰሰ ያማረው መቀመጫው ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ውሃው በየዓመቱ በራሳችን ቤተ ሙከራ ይለካ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። የአዲስ አበባን ደረጃ ከዮርክ መስማት አልነበረብንም። የአቃቂን ውሃ የሚያጠጣው ገበሬና ከአዋሽ የሚቀዳው የአዳማ ሰው ከማንም በፊት ሊያውቁት ይገባ ነበር።