«መስኮት» የተባለው የኮምፒዩተር ቃልና ተከታዮቹ

በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ለአንድ ሥራ ተከልሎ የሚታየውን ባለ አራት ማዕዘን ክፍል ተርጓሚዎቻችን «መስኮት» ማለታቸው ብዙ ሳያከራክር ጸንቷል። ከግእዝ የወረስነው ይህ ቃል (ብዙው «መሳክው») በቤትም በመሥሪያ ቤትም የታወቀ ነውና የሚያስቸግር አይመስልም። ሆኖም ስሙ የተሰጠው ነገር ከጊዜ ወደ ጊዜ ባሕርዩን ስለ ለወጠ፣ በዙሪያው የሚመጡትን ቃላት ከመተርጐማችን በፊት ታሪኩን መመርመር ይገባናል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ መልክ የያዘው በካሊፎርኒያ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማእከል ነው። አለን ኬይና ባልደረቦቹ በ1973 በተሠራው አልቶ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ሲሠሩ የስክሪኑ ስፋት አልበቃ ቢላቸው፣ ወረቀት በጠረጴዛ ላይ እንደሚደራረብ መስኮቶችን አንዱን በሌላው ላይ ደረቡ። ልብ እንበል፤ የሚደረበው ወረቀት እንጂ መስኮት አይደለም። እንግሊዝኛው ራሱ ከመነሻው ሁለት ምሳሌዎችን ደባልቋል። መደረቡን ሁሉም ወዲያው አልተቀበለውም፤ በ1985 የወጣው የመጀመሪያው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ መስኮቶቹን እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎን ይደረድር ነበር።

በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሮበርት ሻይፍለር «ኤክስ» የተባለውን ሥርዓት አስተዋወቀ። ስሙ በስታንፎርድ ከተሠራው ቀዳሚው «ደብልዩ» ቀጥሎ ያለው የላቲን ፊደል ነው። ተርጓሚን የሚያሰናክለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ «ሰርቨር» ሲባል በሩቅ ክፍል የተቀመጠ ትልቅ ኮምፒዩተር ይታሰበናል። በኤክስ ግን ሰርቨሩ በተጠቃሚው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ስክሪኑን፣ የፊደል ገበታውንና ማውሱን የሚያስተዳድረው ነው፤ «ደንበኛ» የሚባለውም «ይህን ሣልልኝ» እያለ የሚጠይቀው ፕሮግራም ነው፤ ይህም በሌላ ከተማ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ሊሠራ ይችላል። እኛም በአንድ የማስተማሪያ ትርጉም ላይ «ደንበኛ»ን «ተጠቃሚ» ብለን ነገሩን ገልብጠነው ነበር፤ ያረሙን ተማሪዎቹ ናቸው።

በዚያ ዘመን መስኮት በእርግጥም ቀዳዳ ነበር። የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ ውድ ስለ ነበረ ፕሮግራሞች ሁሉ በአንዱ ስክሪን ላይ በቀጥታ ይሥሉ ነበር፤ የተሸፈነው ክፍል በአብዛኛው ይጠፋል፤ ሲገለጥ ደግሞ ሰርቨሩ ፕሮግራሙን «እንደ ገና ሣል» ይለዋል። ከዚህም በላይ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘ ማንኛውም ፕሮግራም ለጎረቤቱ የሚጻፈውን፣ የምስጢር ቃል እንኳ ቢሆን፣ ሊከታተል ይችል ነበር።

ማኅደረ ትውስታ ሲረክስ አሠራሩ ተለወጠ። በ2001 የወጣው የአፕል ማክ ኦኤስ ኤክስ ለእያንዳንዱ መስኮት የራሱን የመሣያ ቦታ ሰጠ። በ2008 ክርስቲያን ሆግስበርግ የጀመረው «ዌይላንድ» ደግሞ ይህንኑ የሥርዓቱ መሠረት አደረገው። በዌይላንድ ፕሮግራሙ በራሱ ሉህ ላይ ሥሎ ያስረክባል፤ ሉሆቹን አነባብሮ አንድ ሥዕል የሚያወጣው ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ሉሁ በስክሪኑ በየት በኩል እንዳረፈ አያውቅም፤ የጎረቤቱንም አያይም። ቀዳዳው በመጨረሻ ወረቀት ሆነ ማለት ነው።

ይህን አነባባሪ እንግሊዝኛው የሚጠራበት ቃል በማተሚያ ቤት ቋንቋ ፊደል ለቃሚ ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ብቻ የሚያይ ተርጓሚ በዚህ መሳቱ አይቀርም። «አቀናባሪ»ን የሙዚቃ ሰዎች ቀድመው ይዘውታል። እኛ የምንመርጠው «ደራቢ»ን ነው፤ በነጠላ ላይ ጋቢ የሚደርብ ሁሉ ሥሩን ያውቀዋል። «መስኮት» ግን ተጠቃሚው ለሚያየው ይቆይ፤ ፕሮግራሙ ለሚሥልበት «ሉህ» ይበቃል።