ዳሌው ድኖ እግር አልነሳ ሲል

የዳሌ መገጣጠሚያን በሰው ሠራሽ መቀየር ውጤታማ ከሚባሉት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ሰር ጆን ቻርንሌ እ.ኤ.አ. በ1962 ራይቲንግተን ሆስፒታል ውስጥ ዛሬ ለምናውቀው መገጣጠሚያ መሠረት የሆነውን ከሠሩ ወዲህ፣ ቁጥራቸው በሚሊዮን የሚገመት ሰዎች ከዓመታት ሕመም ተላቀዋል። ይሁን እንጂ ዳሌያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያስቀይሩ 100 ሰዎች መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ ማደንዘዣው ሲለቃቸው ያልጠበቁት ነገር ይገጥማቸዋል። ራጅ ሲነሱ አዲሱ መገጣጠሚያ በቦታው ተቀምጧል፣ ቁስሉም ንጹሕ ነው፤ የእግር ጣቶቻቸውን ወደ ላይ እንዲያነሱ ሲጠየቁ ግን ጣቶቹ አይነሱም።

እኔ ከእነዚህ አንዱ ነኝ። የምኖረው ሀና ማርያም ሲሆን፣ የዳሌዬ አጥንት ራስ ደም በማጣት ተጎድቶ ለ6 ዓመታት ሳነክስ ከቆየሁ በኋላ ቀኝ ዳሌዬን ካስቀየርኩ 14 ወራት አልፈዋል። የታከምኩበትን ሆስፒታል ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ይህ ጉዳት ጥሩ ሐኪም እጅ ላይም የሚደርስ ነው። ለመጻፍ የተነሳሁት ስለ አጥንቱ የሚነግረኝ ሰው ሞልቶ ስለ ነርቩ የሚያስረዳኝ በማጣቴ ነው።

ነርቩ ለምን ይጎዳል?

ከወገብ በታች ተነስቶ በመቀመጫችን በኩል ወደ እግር የሚወርደው ሳያቲክ ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው። የሚያልፈውም ከዳሌ መገጣጠሚያ ጀርባ ተጠግቶ ነው። በውስጡ ሁለት ክፍሎች አሉት። ፔሮኒያል የሚባለው የውጭው ክፍል የእግር መዳፍንና ጣቶችን ወደ ላይ የሚያነሱትን ጡንቻዎች ያዛል። ይህ ክፍል ከዳሌ አጥንት በሚወጣበት ቦታና ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ ማለትም በሁለት ቦታ የታሰረ በመሆኑ፣ ሁለት ግንድ ላይ እንደ ተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ ሲሳብ የሚለቀው ትርፍ የለውም። በዳሌ ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚጎዳውም እሱ ነው።

ጉዳቱ በመሳብ፣ ሥጋውን ገልጦ በሚይዘው መሣሪያ በመጫን ወይም በተጠራቀመ ደም በመታፈን ሊመጣ ይችላል። ነርቩ መቆረጡ ብርቅ ነው። በርካታ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ጨርሶ አይታወቅም። ዳሌያቸው ከልደት ጀምሮ የተዛነፈ፣ መገጣጠሚያውን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያስቀይሩ፣ እንዲሁም በቀዶ ሕክምናው እግራቸው በብዙ የሚረዝም ሰዎች ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። የመጨረሻው እኛን በቀጥታ የሚመለከተን ይመስለኛል። ተሰብሮ በትክክል ሳይጠገን የቀረ ወይም አጥንቱ ለዓመታት የተበላ ሰው እግሩ አጥሮ ነው ሐኪም ፊት የሚቀርበው። ሐኪሙ እግሩን ወደ ቀድሞ ልኩ ሲመልሰው ነርቩም አብሮ ይሳባል። በተለይ እግሩ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ አደጋው ከፍ እንደሚል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ‹‹እግሬ በስንት ሴንቲ ሜትር ይረዝማል?›› ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ከፊት በኩል የሚያልፈው ፌሞራል ነርቭ ሲጎዳ ደግሞ ችግሩ ጉልበት ላይ ነው፤ ለመቆም ሲሞከር ጉልበቱ ይከዳል። የጭን ውጫዊ ክፍል ብቻ ደንዝዞ ጡንቻው ጤነኛ ከሆነ የተነካው የቆዳ ነርቭ ነውና ብዙም አያስጨንቅም።

ሌሊት ሐኪም የሚያስቀሰቅሰው ምልክት

በጀርባ በሚሰጥ ማደንዘዣ የተሠራ ሰው እግሩ ለሰዓታት ስለሚደነዝዝ ጉዳቱ ወዲያው አይታወቅም። ማደንዘዣው ሲለቅ ነርሷ ‹‹ጣቶችህን ወደ ላይ አንሳ›› ስትል ጉዳዩን እንደ ተራ ነገር አይዩት። ከመጀመሪያው ያልተነሳ እግርና አንዴ ተነስቶ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ የደከመ እግር አንድ አይደሉም። ሁለተኛው፣ በተለይም መቀመጫና ጭን ላይ እየጨመረ ከሚሄድ ሕመምና እብጠት ጋር ከመጣ፣ ከውስጥ የፈሰሰ ደም ነርቩን እያፈነው ሊሆን ይችላል። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ስለሚሰጥ ጉዳዩ እንግዳ ነገር አይደለም። እስኪነጋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደሙ በፍጥነት ከወጣ ነርቩ ሊተርፍ ይችላል።

ባት አብጦ ሲያም ደግሞ ‹‹ነርቩ ነው›› ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና መመርመር አለበት። ጉልበት ስር የጠበቀ ፋሻ ካለም ይላላ።

በቀን 1 ሚሊ ሜትር

እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴዶን እ.ኤ.አ. በ1943 የነርቭ ጉዳትን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል። በመጀመሪያው ነርቩ ሳይበጠስ ሥራ ያቆማል፤ በሳምንታት፣ ቢበዛ በጥቂት ወራት ይመለሳል። በሁለተኛው ውስጠኛው ክር ይበጠስና ሽፋኑ ይተርፋል፤ ክሩ በሽፋኑ ውስጥ እንደ አዲስ ማደግ አለበት። በሦስተኛው ሁሉም ይቆረጣል፤ ያለ ቀዶ ሕክምና አይድንም። የትኛው ደረጃ እንደሆነ ለመለየት ከሚረዱት ምርመራዎች አንዱ ኢኤምጂ የሚባለው የጡንቻና የነርቭ ምርመራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳንድ የግል ተቋማት ይሠራል። ጉዳቱ ከደረሰ 3 ሳምንት ሳይሞላው ቢደረግ ግን ብዙም አይናገርምና ገንዘብን ያለ ጊዜው ማውጣት ነው።

እያደገ ያለ ነርቭ በቀን በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ አሰላሁት። ከዳሌዬ ጀርባ ከጉልበት በታች እስካለው፣ የእግርን መዳፍ እስከሚያነሳው ጡንቻ ድረስ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም 450 ቀን ማለት ነው። እስከ ጣቶቼ ጫፍ ድረስ 2 ዓመት ተኩል ይሆናል። ለዘመድ ወዳጅ ‹‹እስካሁን አልዳንክም?›› ጥያቄ ከዚህ ስሌት የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ነርቩ የደረሰበትን ለመከታተልም ቀላል ዘዴ አለ። ነርቩ በሚሄድበት መስመር ላይ በጣት መታ መታ ሲደረግ፣ የክሩ ጫፍ የደረሰበት ቦታ ላይ ወደ ታች የሚሮጥ የኤሌክትሪክ ዓይነት ስሜት ይፈጥራል። የፈረንሳዩ ሐኪም ዡል ቲኔል እ.ኤ.አ. በ1915 ስለጻፉበት በስማቸው ይጠራል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ በየወሩ ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት ታደርግልኛለች፤ ርቀቱን እኔ ደብተር ላይ እመዘግባለሁ። ምልክቱ ወደ ታች እየወረደ መሄዱ ጥሩ ዜና ነው፤ ለወራት አንድ ቦታ ከቆመ ግን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

እግሩ ነርቩን እንዲጠብቅ

ነርቩን ማፍጠን አይቻልም። የሚቻለው፣ ነርቩ ሲደርስ የሚሠራ እግር እንዲያገኝ ማድረግ ነው። መዳፉ ተንጠልጥሎ ከቆየ የተረከዝ ጅማት ያጥራል። ካጠረ በኋላ ጡንቻው ቢነቃ እንኳ መዳፉ አይነሳም። ስለዚህ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን ሳያጥፉ፣ ሌላ ሰው መዳፉን ወደ ላይ ገፍቶ ግማሽ ደቂቃ ያህል እንዲይዘው ማድረግና በቀን ደጋግሞ መሥራት ያስፈልጋል። ብቻቸውን የሆኑ ነጠላ በመዳፋቸው ዙሪያ አድርገው፣ ከወገባቸው ሳይነሱ መሳብ ይችላሉ። የተዘረጋን እግር ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንሳት ግን የተጎዳውን ሳያቲክ ነርቭ ይበልጥ ስለሚስበው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አይሞከርም።

በቀን መዳፉን ደግፎ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ ይታዘዛል። የሚገባው ካልሲ ላይ ሲሆን፣ ጫማው በአንድ ቁጥር ከፍ ማለት አለበት። አዲስ ሲሆን ከግማሽ ሰዓት በኋላ አውልቆ ቆዳው የቀላ ቦታ መኖሩን ማየት ያሻል። ድጋፉ ለአማርም አላምርም የሚተው ነገር አይደለም። የተንጠለጠለ መዳፍ ይሰናከላል፤ አዲስ ዳሌ ይዞ መውደቅ ደግሞ መገጣጠሚያውን ሊያወልቅ ወይም ዙሪያውን ያለውን አጥንት ሊሰብር ይችላል።

ለደነዘዘ እግር አያያዝ የከተማችን ልምድ ከብዙዎች ግምት በላይ ነው። በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት፣ የሥጋ ደዌ የሚያጠቃው ይህንኑ ፔሮኒያል ነርቭ ጨምሮ ስለሆነ፣ የተንጠለጠለና የማይሰማ እግር ያላቸውን ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ሲያክም ኖሯል። ከሥጋ ደዌ ሕክምና የተገኘው ትልቁ ትምህርት፣ የማይሰማ እግር የሚቆስለው ከውስጥ ስለበሰበሰ ሳይሆን ጠጠሩን፣ ጠባቡን ጫማና እሳቱን ስለማያውቅ ነው የሚል ነው። ይህ ለእኛም በሙሉ ይሠራል። በየቀኑ መዳፍን ማየት፣ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ከማጥለቅ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ የግድ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ትእዛዞች ይጋጫሉ። የነርቩ ሐኪም ‹‹መዳፍህን በየቀኑ እይ›› ይላል፤ የአጥንቱ ሐኪም ‹‹ወደ እግርህ አትጎንበስ፣ ዳሌህ ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍ›› ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። መፍትሔው እጀታው ረጅም የሆነ መስታወት ወይም የቤተሰብ ዓይን ነው፤ የእኔ ልጅ በየማታው በስልኳ ፎቶ አንስታ ታሳየኛለች።

ከሰል ምድጃ አጠገብ እግርን ዘርግቶ መሞቅ፣ የፈላ ውሃ ጠርሙስ መታቀፍ፣ ሙቀቱን በክንድ ሳይለኩ መዘፍዘፍ፣ ‹‹ነርቭ ይፈታል›› ተብሎ ፍል ውሃ መግባት የሚያስከትሉት ቃጠሎ የሚታወቀው ከተላጠ በኋላ ነው። ወጌሻም አዲስ ዳሌን ጠምዝዞ ሊያወልቀው ይችላልና መቅረት አለበት። ነጠላ ጫማ ከደነዘዘ እግር ሳይታወቅ ይወልቃል፤ ቤት ውስጥም ከኋላ የሚታሰር ጫማ ይሻላል።

ሀና ማርያም ላይ መራመድ

የኛ ሰፈር ኮብልስቶን ለተንጠልጣይ እግር ፈተና ነው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ይጨመርበታል። ከዘራ የሚያዘው በተጎዳው እግር በኩል ሳይሆን በጤነኛው በኩል ነው፤ ጫፉ ላይ ላስቲክ መኖር አለበት። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር፣ ሲወረድ የተጎዳው ይቀድማል። ቢሮዬ 4ኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቀን ይህን ሕግ እንደ ጸሎት እየደገምኩ ነው የምወጣው። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ከመጠጋጋት ጋቢና ይሻላል፤ ቀድሞ መቀመጫውን አስገብቶ ሁለቱን እግር በኋላ ማስከተል ነው። ለቡና የሚቀርበው በርጩማ፣ ዝቅ ያለ ሶፋና ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይሞከሩም። መሬት የሚነካ ስግደትም እንዲሁ፤ የንስሐ አባቴ ራስን ዝቅ በማድረግ ብቻ ተስማምተውልኛል። ሙስሊም ወዳጄ ወንበር ላይ ሆኖ ይሰግዳል።

ሌሊቱ ከቀኑ ይከፋል። የሚያቃጥል፣ የሚወጋ፣ ብርድ ልብስ ሲነካው የሚያስጮህ ሕመም የነርቭ ሕመም ነው፤ እንደ ዲክሎፌናክ ያሉ የተለመዱ ማስታገሻዎች ብዙም አይሠሩበትም። ሐኪሞች አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን ያዛሉ። እነዚህ ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ያንገዳግዳሉ፣ በድንገት አይቋረጡም፤ የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ቢ-ኮምፕሌክስ መርፌ የቫይታሚን እጥረት ለሌለበት ሰው የተሳበን ነርቭ እንደሚያፈጥን የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የለም፤ ሆኖም ፋርማሲ በሄድኩ ቁጥር ይቀርብልኛል።

መኪና ለሚነዱ አንድ ነገር ልጨምር። የተጎዳው ቀኝ እግር ከሆነ ፍሬን መርገጡን አያውቅም። እኔ ቁልፉን ለልጄ ሰጥቻለሁ።

ሥራን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው የሕመም ፈቃድ በ12 ወራት ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ነርቩ ከዚህ በላይ ጊዜ ስለሚፈልግ ፈቃዱን በሙሉ ቀድሞ አለመጨረስ ይሻላል። እኔ በ4ኛው ወር ቀለል ባለ የሥራ ሰዓት ተመለስኩ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። የሥራ አመራሩን ሲያነጋግሩ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

ነርቭ ያጣ ጡንቻ ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ከቆየ በኋላ የመመለስ አቅሙ እየተዳከመ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ምንም ዓይነት መነቃቃት ካልታየ፣ ሐኪሞች ከጤነኛው ክፍል የሚታዘዝ ጡንቻ ጅማት አዛውረው መዳፉን የሚያነሳ የሚያደርጉበት ቀዶ ሕክምና አለ። በሥጋ ደዌ ሕክምና ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረ ነው። ጅማቱ ያጠረበትና መገጣጠሚያው የደረቀበት እግር ግን ለዚህም አይመችም። የእኔ ምልክት ከጉልበቴ በላይ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ደርሷል። አውራ ጣቴ እስካሁን አልተነሳም፤ የኢኤምጂ ቀጠሮዬ በ18ኛው ወር ነው።