ኒውክለስ አልባው ሕዋስ፦ ቀይ የደም ሕዋስ፣ ወባ እና ሲክል ሴል

በሰው አካል ውስጥ ካሉ ሕዋሳት ሁሉ በቁጥር የሚልቁት ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ከ20 ትሪሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ይሁንና በመማሪያ መጻሕፍት ከሚታየው የሕዋስ ሥዕል ጋር ሲነጻጸሩ ጎዶሎ ናቸው፤ አንድ ሕዋስ ሊኖሩት ይገባል ከሚባሉት ክፍሎች አብዛኞቹ የሏቸውም። ወባ እና ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ሰውን እንዴት እንደሚጎዱ ለመረዳት ይህ ጉድለታቸው ጥሩ መነሻ ነው።

"ሴል" የሚለውን ስያሜ የሰጠው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። እ.አ.አ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ያያቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከትናንሽ ክፍሎች ጋር አመሳስሎ በዚህ ስም ጠራቸው። ያየው ግን ባዶ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ቡሽ የሞተ የዛፍ ቅርፊት ነውና።

ሕያው ሕዋስ ባዶ አይደለም። ዙሪያውን በአብዛኛው ከስብ የተሠራ፣ ሁለት ንብርብር ያለው ስስ ሽፋን ይከበዋል። በሽፋኑ ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖች የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠራሉ፤ ከውጭ የሚመጣ መልእክትም ይቀበላሉ። በውስጡ የሚገኘው ኒውክለስ ዲኤንኤን ይይዛል። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ራይቦዞሞች ከዲኤንኤ በተቀዳው ትእዛዝ መሠረት ፕሮቲን ይሠራሉ፤ ማይቶኮንድሪያ ደግሞ ኦክስጅንን ተጠቅመው ከምግብ የሚገኘውን ኃይል ሕዋሱ ሊገለገልበት ወደሚችል መልክ ይለውጣሉ።

ጭነቱን የማይበላ አጋሰስ

ቀይ የደም ሕዋስም በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲፈጠር ይህ ሁሉ አለው። ለጥቂት ቀናት ያለ ዕረፍት ሂሞግሎቢን የተባለውን ፕሮቲን ያመርታል። ከዚያም ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል። ወደ ደም ሲገባ ጥቂት ራይቦዞሞች ይቀሩታል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እነርሱም ከማይቶኮንድሪያው ጋር ይጠፋሉ።

ትርፉ ቀላል አይደለም። በተለቀቀው ቦታ 270 ሚሊዮን ገደማ የሂሞግሎቢን ሞለኪውሎች ይታጨቃሉ፤ እያንዳንዱም አራት የኦክስጅን ሞለኪውሎችን ይሸከማል። ማይቶኮንድሪያ ስለሌለው ሕዋሱ የጫነውን ኦክስጅን ራሱ አይጠቀምበትም፤ እህል ጭኖ ከጭነቱ እንደማይቀምስ አጋሰስ ነው። የሚያስፈልገውን ጥቂት ኃይል ግሉኮስን ያለ ኦክስጅን በመሰባበር ያገኛል። ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ስፋት ያለውና መሐሉ በሁለቱም ገጽ የሰረጎደ በመሆኑም ከራሱ በሚጠብቡ የደም ሥሮች ውስጥ ተጣጥፎ ያልፋል።

ይህ አሠራር ለእንስሳት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለሱን ይዞ ይኖራል። የግመል ሕዋስ ደግሞ እንደ ሰው ኒውክለስ ባይኖረውም ቅርጹ ሞላላ ነው፤ የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ሲጠጣ ሕዋሱ አብጦ ሳይፈነዳ ይቋቋማል።

ኪሳራው ግን አለ። ኒውክለስና ራይቦዞም የሌለው ሕዋስ ያረጀ ፕሮቲኑን በአዲስ መተካት አይችልም፤ አይከፈልምም። ከ120 ቀናት ገደማ በኋላ በዋናነት በጣፊያና በጉበት ይወገዳል። መቅኔ የሚወገዱትን ለመተካት በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ሕዋሳት ያመርታል።

የወባ መግቢያ በር

የወባ ጥገኛ ተውሳክ ራሱ ባለ አንድ ሕዋስ ነው፤ ኒውክለስም አለው። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ መግባቱ ይጠቅመዋል። ሌሎች ሕዋሳት ወራሪ ሲገባባቸው የወራሪውን ቁራጭ በሽፋናቸው ላይ አውጥተው ለበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ያሳያሉ። ቀይ የደም ሕዋስ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ተውሳኩ በዚያ ተሸሽጎ ሂሞግሎቢን እየተመገበ ይባዛል፤ ሕዋሱ ሲፈነዳም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል።

ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው ዝርያ የሚመርጠው ራይቦዞማቸውን ገና ያልጣሉትን ወጣት ሕዋሳት ሲሆን፣ ለመግባትም በሽፋናቸው ላይ ያለውን "ዳፊ" የተሰኘ ፕሮቲን ይጠቀማል። ይህ በር እ.አ.አ በ1970ዎቹ አጋማሽ ታወቀ። የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ አብዛኛው ክፍል በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ዳፊ የለውም፤ በዚያ ቫይቫክስ ብርቅ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። አስገራሚው ነገር በእነዚሁ ሰዎች ሌሎች ሕዋሳት ላይ ፕሮቲኑ መገኘቱ ነው። የተለወጠችው አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ስትሆን፣ እርሷም ፕሮቲኑ በደም ሕዋስ ውስጥ እንዲሠራ በሚያዘው ክፍል ላይ ናት።

በኢትዮጵያ ዳፊ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች አብረው ይኖራሉ፤ ቫይቫክስም ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ዋነኛው የወባ መንስኤ ነው። በማዳጋስካርና በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ላይም ቫይቫክስን አግኝተዋል። በሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አልነበረም ማለት ነው።

አንዲት ፊደል

ሲክል ሴልም የሚመነጨው ከአንዲት ፊደል ለውጥ ነው፤ ይህኛው ግን የሂሞግሎቢንን አሠራር ራሱን ይነካል። ኦክስጅን ሲያንስ የተለወጡት ሞለኪውሎች ተያይዘው ረጃጅም ዘንጎች ይሠራሉ፤ ሕዋሱም ማጭድ መስሎ ይጣመማል። በኬንያ ያደገው አንቶኒ አሊሰን እ.አ.አ በ1949 ዘረመሉ በባሕር ዳርቻና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ በብዛት፣ በደጋው ግን እምብዛም እንደማይገኝ አስተዋለ። በ1954 ባሳተመው ጥናቱም ዘረመሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ ሰዎች ከፋልሲፓረም ወባ ከፊል ጥበቃ እንደሚያገኙ አሳየ።

ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ልጅ ግን ይታመማል። ቀይ የደም ሕዋሳቱ ከ10 እስከ 20 ቀናት ብቻ ስለሚኖሩ መቅኔው መተካት ያቅተዋል፤ የተጣመሙት ሕዋሳትም ቀጫጭን የደም ሥሮችን እየዘጉ ብርቱ ሕመም ያስከትላሉ።

በደም ውስጥ ያለ ቀይ ሕዋስ ዲኤንኤ ስለሌለው ሊታረም አይችልም። እ.አ.አ በ2023 ብሪታንያና አሜሪካ የፈቀዱት የዘረመል ማረሚያ ሕክምናም የሚነካው ደም አመንጪ የሆኑትን ሕዋሳት ነው። በአሜሪካ ዋጋው ለአንድ ታማሚ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ከዚህ እጅግ ይረክሳል፤ የሚሠራውም ሰውነት በጽንስነቱ ያመርት የነበረውን የሂሞግሎቢን ዓይነት እንደገና እንዲያመርት በማገዝ ነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በአንጎላና በዴሞክራቲክ ኮንጎ ሕጻናት ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2019 ሲታተም፣ የሕመም ግርሻን፣ ደም የመለገስን አስፈላጊነት፣ በወባ መያዝንና ሞትን መቀነሱ ታይቷል።