ገድልና ወንጌል፤ ስለ መጻሕፍት ዐይነትና ስለ ታሪክ ምስክርነት

ከቡታጅራ በስተ ሰሜን፥ በሶዶ ምድር፥ ምድረ ከብድ የሚባል ገዳም አለ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መቃብር በዚያ እንደሚገኝ በትውፊት ይነገራል፤ የዕረፍታቸውም በዓል መጋቢት 5 ቀን ይከበራል። ገድላቸው ጻድቁ 562 ዓመት እንደ ኖሩ፥ ይኸውም 300ውን በግብጽ፥ 262ቱን በኢትዮጵያ እንደ ሆነ፥ ወደ አገራችንም በንጉሥ ላሊበላ ዘመን እንደ መጡ ይተርካል።

ይህን የሚያነብ የታሪክ ተማሪ ሁለት ምክር ይቀርብለታል። አንዱ የተጻፈውን ሁሉ እንዳለ ተቀበል ይለዋል፤ ሌላው ተረት ነውና ተወው ይለዋል። ስለ አራቱ ወንጌላት የሚነሣው ክርክርም ይህንኑ ይመስላል። እንደ ወልቂጤና እንደ ቡታጅራ ባሉ ከተሞች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ስለሚውሉ፥ ክርክሩ ጐረቤትን ከጐረቤት የሚያስቀይም ሊሆን ይችላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች መጽሐፉ ምን ዐይነት መጽሐፍ ነው? የሚለውን የመጀመሪያ ጥያቄ ዘለውታል።

ገድል ማለት ተጋድሎ ነው። የቅዱሱን ተጋድሎ፥ የተሰጠውን ቃል ኪዳንና ተአምራቱን ይዞ በበዓል ቀን ለምእመናን ይነበባል። ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ስለ ሆነ፥ 262 ዓመት ቢጨመርበት የጻድቁ ዕረፍት በ15ኛው ምእት ዓመት ላይ ይውላል። ስለዚህ ቍጥሩን እንደ ዜና መዋዕል ቍጥር አድርጎ መያዝ ያስቸግራል። ሆኖም ገድሉ ለታሪክ ከንቱ አይደለም፤ ጸሓፊው ቅድስናን እንዴት እንደ ተረዳና የግብጽን በረሃ ከኢትዮጵያ ገዳማት ጋር እንዴት እንዳያያዘ ይመሰክራል።

ወንጌላትስ ከየትኛው ወገን ናቸው? ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቡልትማን በ1921 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፥ በምእመናን መካከል በቃል ሲነገር ከኖረ ትውፊት የተሰበሰቡ ናቸው አለ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በሪጅ ግን በ1992 እ.ኤ.አ. ከግሪክና ከሮማ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪኮች ጋር አስተያይቶ የእነዚያ ወገን መሆናቸውን ተከራከረ። የዚያ ዘመን የሕይወት ታሪክ ጸሓፊ የሰውየውን ጠባይ የሚያሳየውን ሥራና ቃል መርጦ ያቀርባል እንጂ ሁልጊዜ የዘመን ቅደም ተከተልን አይጠብቅም። ዮሐንስ የቤተ መቅደሱን መንጻት በመጽሐፉ መጀመሪያ፥ ሦስቱ ግን በመጨረሻ ማስፈራቸው በዚህ ሊገባን ይችላል።

ዳሩ ግን የመጽሐፉ ዐይነት ሁሉን ችግር አይፈታም። ማቴዎስ ልደትን በሄሮድስ ዘመን ያደርገዋል፤ ሄሮድስም እንደ ብዙዎች ሊቃውንት አቈጣጠር የሞተው በ4 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። ሉቃስ ልደቱን ከቄሬኔዎስ ቈጠራ ጋር ያያይዘዋል፤ ቈጠራው ግን በአይሁዳዊው የታሪክ ጸሓፊ በዮሴፉስ አተራረክ በ6 እ.ኤ.አ. ላይ ይውላል። ይህን ልዩነት መሸፈን አይገባም።

በሌላ በኩል ብዙ ሊቃውንት የማርቆስ ወንጌል ከስቅለት በኋላ 40 ዓመት ያህል ቈይቶ እንደ ተጻፈ ይገምታሉ፤ ይህም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያለ ዘመን ነው። ክርስቶስ በጲላጦስ ዘመን መገደሉን ክርስቲያን ያልሆነው ሮማዊው ታሲተስ ጽፎታል። የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይም በ1961 እ.ኤ.አ. በቂሳርያ ተገኝቷል። ይህ ድንጋይ ገዢው እንደ ነበረ ያስረዳል፤ ስለ ትንሣኤ ግን አንዳች አይናገርም።

የጥንት ሊቃውንቶቻችን ልዩነቱን አላጡትም። በዐድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት ብራና፥ በራዲዮካርቦን ምርመራ በ330 እና በ650 እ.ኤ.አ. መካከል እንደ ሆነ ተገምቷል። በእነዚህ መጻሕፍት መጀመሪያ የአውሳብዮስ ሠንጠረዦች አሉ፤ አራቱ የሚስማሙበትን፥ ሦስቱ ወይም ሁለቱ ብቻ የሚያወሩትን፥ አንዱ ለብቻው የጻፈውን ለይተው ያሳያሉ። ያን ብራና ያዘጋጁት ሰዎች ያመኑበትን መጽሐፍ ልዩነቱን ሳይሰውሩ አቅርበውልናል። እኛም በምድረ ከብድ ገድሉን ስንሰማም ሆነ በክፍላችን ወንጌልን ስንመረምር፥ እምነት የሚጠይቀውንና ታሪክ ሊመሰክር የሚችለውን ለይተን ብንይዝ ከጐረቤታችን ጋር ሳንቀያየም ለመነጋገር እንችላለን።