የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴን ከአካል ሁኔታ ጋር ማጣጣም፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ነዋሪዎች

ዕድሜ፣ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት በአብዛኛው ጡንቻን ከማጠንከር አያግድም፤ የሚለወጠው የእንቅስቃሴው ዓይነት፣ መጠንና አሠራር ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ ግን ጡንቻን ያመነምናል፤ ከመቀመጫ መነሳትንና ዕቃ መሸከምን እያደር ያከብዳል፤ የመውደቅ አደጋንም ይጨምራል።

የሚመከረው መጠን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አዋቂዎች ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያሠሩ እንቅስቃሴዎችን በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን እንዲሠሩ ይመከራል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በተጨማሪ ሚዛን መጠበቅንና ጥንካሬን የሚያዳብሩ እንቅስቃሴዎችን በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሊሠሩ ይገባል። መመሪያው ከአካል ጉዳት ጋር የሚኖሩ ሰዎችንም ያካትታል።

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ውኃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ለጀማሪ፣ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ደግሞ ለበረታ ሰው ያገለግላል። ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያለ ሕመም ሊነሳ የሚችል ክብደት መምረጥ፣ ሲቀልም በጥቂቱ መጨመር ተገቢ ነው።

እንደየሁኔታው የሚደረግ ማስተካከያ

• አረጋውያን፦ ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ ጠንካራ ወንበር ላይ መነሳትና መቀመጥ፤ ግድግዳን በሁለት እጅ ይዞ ክንድን ማጠፍና መዘርጋት።
• በተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ፦ ፍሬን ይዞ የሚለጠጥ ላስቲክ ወደ ደረት መሳብ። ወንበር መግፋት ትከሻን ስለሚያደክም፣ የጀርባ ጡንቻን ማጠንከር ሚዛኑን ለመጠበቅ ይረዳል።
• ማየት የተሳናቸው፦ በማይለወጥና ከመሰናክል ነጻ በሆነ ቦታ መሥራት፤ አሠልጣኙ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በቃል ማስረዳት፣ በፈቃዳቸውም በመዳሰስ ማሳየት ይኖርበታል።
• የደም ግፊት ያለባቸው፦ ትንፋሽን አለመያዝ፤ ክብደት ሲያነሱ ማስወጣት፣ ሲያወርዱ ማስገባት።
• የስኳር ሕመም ያለባቸው፦ እግርን የሚሸፍን ጫማ ማድረግ፤ ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ስኳር ወይም ከረሜላ መያዝ።
• ነፍሰ ጡር እናቶች፦ በእርግዝና ክትትል ወቅት ባለሙያ ማማከር፤ ከመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በኋላ በጀርባ ተኝቶ አለመሥራት።

በጾም ወቅት ከባዱን እንቅስቃሴ ምግብና ውኃ ከተወሰደ በኋላ ወዳለው ጊዜ ማዛወር ይመረጣል።

የአካባቢ ጥንቃቄ

በሞቃታማዎቹ ወራት ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ መሥራት ይመከራል። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስለሚገኝ፣ እንቅስቃሴውን በደረቅ ሜዳ ላይ እንጂ ውኃ ውስጥ ገብቶ መሥራት አይመከርም።

የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ሲያጋጥም ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። ፊት ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ ወይም አንድ ወገን ከዛለ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከመጀመሩ በፊት በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ይመርመር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው መቅረብ አለባቸው፤ የፊዚዮቴራፒ ክትትል ካስፈለገ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ተቀብለው ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ የጤና፣ የተሐድሶና የስፖርት ተሳትፎ መብትን ያካትታል። ስለሆነም ከአቅም ጋር የተጣጣመ አገልግሎት መጠየቅ መብት ነው።