ቀድሞ የተተከለ ቆዳ ወይም ቫልቭ አዲስ ልብን ለምን ያስቸግራል?

ዛሬ ስለ ልብ ንቅለ ተከላ ብዙ የማይወራለትን ነገር እናንሳ።

ሰውነታችን ከሌላ ሰው የመጣን ልብ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያጠቃው ይችላል። ለዚህም ነው ታካሚው የመከላከል አቅሙን የሚቀንስ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን የሚወስደው።

ቀደም ሲል ከሌላ ሰው የተወሰደ ቆዳ ወይም የልብ ቫልቭ የተተከለለት ሰው ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ሰውነቱ ያኔ የሠራው አንቲቦዲ አዲሱን ልብ ቶሎ ሊያጠቃው ይችላል። ደም መውሰድና እርግዝናም እንዲህ ያለ አንቲቦዲ ሊያመጡ ይችላሉ። ከራስ ገላ የተወሰደ ቆዳና የብረት ቫልቭ ግን አያመጡም።

ታዲያ ተስፋ የለም ማለት ነው? አይደለም። ሐኪሞች አንቲቦዲውን በደም ምርመራ ለይተው የሚስማማ ለጋሽ ይፈልጋሉ፤ ፍለጋው ግን ሊረዝም ይችላል።

ነገሩ ለኩላሊትም ያው ነው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ደግሞ አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም ተጀምሯል።

ስለዚህ ከሶዶ፣ ከቦዲቲ ወይም ከአረካ ሪፈር ሲጻፍላችሁ፣ ምን እንደተተከለላችሁና ደም ወስዳችሁ እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። የድሮ የሕክምና ወረቀታችሁንም አትጣሉ፤ አሁኑኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።